ታፔላ የሌለው በር

ወንድሜ ታፔላ ጻፊ ነበር። ፀጉር ቤት፣ የጥርስ ሐኪም፣ ጎማ ጥገና፣ የሬሳ ሣጥን መሸጫ፤ በሰፈራችን ዋና መንገድ ላይ ከሚነበበው ፊደል ግማሹ የሱ እጅ ነው። ሰዉ «ብሩሹ» ይለዋል። እኔ «ጋሼ» ነበር የምለው። በአሥራ ሦስት ዓመት ይበልጠኛል፤ እናታችን ከሞተች በኋላ ፀጉሬን የጎነጎነልኝም፣ ትምህርት ቤት ወስዶ ያስመዘገበኝም እሱ ነው። ጉንጉኑ ጠማማ ነበር። ፊደሉ ግን ቀጥ ያለ ነው።

ሲሠራ አይቸኩልም። መጀመሪያ ክር በጠመኔ ያሽና ጣውላው ላይ ከዳር እስከ ዳር ይወጥረዋል፤ በጣቱ ሳብ አድርጎ ሲለቀው ቀጭን ነጭ መስመር ይቀራል። ከዚያ ጫፉ ላይ ጨርቅ የተጠቀለለበት ዘንግ በግራ እጁ ጣውላው ላይ ያስደግፍና ቀኝ እጁን በዘንጉ ላይ አሳርፎ ይጽፋል። ዘንጉ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ነው። እያደር ዘንጉ ብቻውን አልበቃ አለ። ጠዋት ጠዋት ጥግ ላይ ካለው መጠጥ ቤት ገብቶ ቆሞ ሁለት ብርጭቆ ይጨልጥና «እጄን አረጋጋሁት» ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሁለቱ አራት ሆነ፤ አራቱም የጠዋት ብቻ መሆኑ ቀረ። ሚስቱ ልብሷን ሰብስባ ወጣች። እሱም ብሩሾቹን በቆርቆሮ ይዞ እኔ ዘንድ መጣና የኋላዋን ክፍል ያዘ።

እኔ ላውንደሪ ነው የምሠራው። ፊት ለፊት ልብስ እቀበላለሁ፣ ቁጥር እለጥፍበታለሁ፣ ከኋላ ደግሞ እተኩሳለሁ። ደንበኛ «ወንድምሽ ምን ሆኖ ነው የከሳው?» ሲለኝ «ጨጓራውን ያመዋል» እላለሁ። ስድስት ዓመት ጨጓራውን አመመው።

አምና ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሟ ወጣት ናት። አልተቆጣችም፣ አልመከረችም። የምርመራውን ወረቀት እያየች፣ «ከዛሬ ጀምሮ ካልጠጡ ይኖራሉ» አለችው። «አንድ ጊዜ ከተመለሱበት ግን እኔ ጋ አይምጡ፤ የምሰጥዎት ነገር የለኝም።»

«ትንሽ ትንሽ እያልኩ ብቀንሰውስ?»

«ከአምስተኛ ፎቅ ትንሽ ትንሽ እየተባለ ይወደቃል?» አለችው።

ስንወጣ ግን ጠራችን። ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚረዳዱ ሰዎች ረቡዕ ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከገበያው ማዶ እንደሚሰበሰቡ ሰምታለች። ቤቱን አታውቀውም። ብቻውን የተወ ሰው ብዙ አላየሁም፣ ፈልገው ያግኟቸው አለችው።

«ምን ብዬ ነው የምጠይቀው?» አለኝ መንገድ ላይ። «ጠጪዎች የሚሰበሰቡት የት ነው ብል መጠጥ ቤቱን ነው የሚያሳዩኝ።»

በመጀመሪያው ረቡዕ መድኃኒት ቤት ገብቶ ጠጋ ብሎ ሻጯን በጆሮዋ ጠየቃት። ሻጯ ሰልፉን አሻግራ ለባልደረባዋ፣ «አንቺ፣ የሰካራሞች ስብሰባ የት ነው?» ብላ ተጣራች። ወንድሜ የማይፈልገውን የቁስል ፕላስተር ገዝቶ ወጣ።

በሁለተኛው ረቡዕ ከገበያው ማዶ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሰዎች ወንበር ከብበው ተቀምጠው አየ። አንድ ሽማግሌ «ግባ፣ ግባ» ብለው በእጃቸው አመለከቱት። ተቀመጠ። ተራ በተራ ይናገራሉ። «ቤቴ ድረስ ገብቶብኛል፤ ልጆቼን በሽተኛ አደረጋቸው» አለች አንዲት ሴት። «እኔን ሽታው ነው ያስመረረኝ፤ እንግዳ መጋበዝ ትቻለሁ» አለ ሌላው። ተራው ሲደርስ ወንድሜ ተነሥቶ ኮፍያውን አወለቀና ለኔ እንኳ ነግሮኝ የማያውቀውን ተናገረ። ሃያ ዓመት እንደጠጣ፣ ሚስቱን አንድ ቀን በቀለም ቆርቆሮ እንደመታት፣ ሌሊት ፍራሹ ላይ እንደሚሸና።

የሰፈሩ ነዋሪዎች የተሰበሰቡት ስለተሰበረው የቆሻሻ ውሃ ቱቦ ነበር።

ከዚያ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው፣ «ወንድም ዓለም፣ እኛም የያዝነው የፍሳሽ ጉዳይ ነው። ያንተንም ቃለ ጉባኤው ላይ እናስገባው?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። «ግባ» ያሉት ሽማግሌ ሳይቀሩ እንባቸውን ጠረጉ።

ያንን ሲነግረኝ እኔም ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። «አንድ ታፔላ ቢኖራቸው ኖሮ» አለኝ። «አንዲት የእጅ ስፋት የምታህል ታፔላ።»

በሦስተኛው ረቡዕ አልሄድም አለ። «ሂድ፤ ካልሄድክ ክፍሌን ልቀቅልኝ» አልኩት። ሄደ። ገበያው ጫፍ ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ በሮችን ሳይሆን የሚገቡትን ሰዎች ማየት ጀመረ። ግራጫ ካፖርት የደረበች ሴት ሁለት ጊዜ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አይታ ከማዶ ባለው ትምህርት ቤት የጎን በር ገባች። ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ዞሮ አያይም ብሎ ተከተላት። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ የተሰበሩ ዴስኮች የሚከማቹበት መጋዘን አለ። በሩ ላይ ምንም የለም። አንድ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር በሩን ገርበብ አድርገው «ምን ፈለጉ?» አሉት።

«የፍሳሽ ካልሆነ ልቀመጥ» አለ።

መምህሩ ራሳቸው ሃያ ሁለት ዓመት ሳይጠጡ የኖሩ ናቸው። በዚያ መጋዘን ስምንት ሰው ሰብስበው ነበር፤ ወንድሜ ዘጠነኛ ሆነ። ባለ ካፖርቷ ሴት ነርስ ናት፤ የኔም ደንበኛ ነበረች፣ ከነሱ አንዷ መሆኗን ግን ኋላ ነው ያወቅኩት። አንዱ የተማሪዎች አውቶቡስ ሹፌር ነው። መምህሩ ለወንድሜ ሕጋቸውን ነገሩት። እዚህ የተሰማ እዚህ ይቀራል፤ እዚህ ቤት የሚጻፍ ነገር የለም። ወንድሜ መዝገብ ላይ ስም አይጻፍም ማለታቸው መስሎት «እሺ» አለ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወሮች ክፉ ነበሩ። እጁ ማንኪያ አይዝም፤ ሾርባውን በኩባያ አጠጣው ነበር። ሥራም ቀረ። ከረቡዕ እስከ ረቡዕ ቀን ይቆጥራል። ማክሰኞ ማታ ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል፤ አንገትጌውን ያሳርረዋል እንጂ ለኔ አይሰጠኝም።

በስድስተኛው ወር አንድ ጠዋት «ሚጡ፣ ነይ እይ» ብሎ ጠራኝ። አልጋው አጠገብ ካለው ግድግዳ ላይ አንድ ክንድ የሚሆን መስመር በብሩሽ አስምሯል። ክር አልወጠረም። ዘንጉ አልጋው ሥር ነው። መስመሩ እንደ ምላጭ ቀጥ ያለ ነበር።

«ግድግዳዬን ማን ሊቀባልኝ ነው?» አልኩት።

«እኔ» አለ። ያን ቀን ሲስቅ ጥርሱን አየሁት።

በዚያው ሳምንት ጥሩ ጣውላ ገዝቶ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትግ ሰነበተ። «ለማን ነው?» ስለው «ለአንድ ባለጉዳይ» ይለኛል። ነጭ መደብ ቀባው፤ በላዩ ላይ በሰማያዊ ዘይት ቀለም ጻፈ። ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ ተሸክሞት ወጣና በትምህርት ቤቱ የጎን በር ላይ በአራት ብሎን አሰረው። እንዲህ ይላል፦

«ከመጠጥ መላቀቅ ለምትፈልጉ። ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት። በዚህ በኩል ግቡ፤ አትፈሩ።»

ከሥሩ ጣቱን የዘረጋ እጅ ሥሏል። በሕይወቱ ከጻፈው ሁሉ ያማረ ነበር። ሳይጠጣ የጻፈው የመጀመሪያው ታፔላ ነው፤ አብረውት ያሉት ድንገት አይተው ደስ እንዲላቸው ብሎ ለማንም አልተናገረም።

ቀድማ የደረሰችው ነርሷ ናት። እሱ የጣቱን ጫፍ እያደሰ ነበር። «ምን አደረግክ?» ብላ ክንዱን ስትይዘው ከብሩሹ አንድ ጠብታ ካፖርቷ እጅጌ ላይ ወደቀ። ቀና ስትል አግዳሚው ወንበር ላይ የተቀመጡት ታፔላውን ጮክ ብለው ሲያነቡ ሰማች። ሸሽታ ገባች።

ታፔላ ለመነበብ ነው የሚጻፈው፤ ተነበበ። ከአግዳሚው ወንበር እስከ በሩ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ሌሎቹ በጀርባው መንገድ በትምህርት ቤቱ ግቢ በኩል ገብተው ስለነበር ታፔላውን አላዩም። ነርሷ ስትነግራቸው ጊዜው አልፏል፤ የግቢው በር ተዘግቷል፤ መውጫው የጎን በሩ ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ጠበቁ። ውጭ ያለው ሰው ከመበተን ይልቅ በዛ። በመጨረሻ አንድ በአንድ ወጡ። ለእያንዳንዱ ይጨበጨባል።

«አራት» ትላለች አንዲት ሽንኩርት ሻጭ። «አምስት። ኧረ ይኼ የልጆቻችን ሹፌር አይደለም?»

«ታዲያ አውቶቡሱ ለምን ይወዛወዛል መሰለሽ?» ይላታል ሌላው።

ሹፌሩ አራት ዓመት ጠብታ አልቀመሰም። ዓርብ ዕለት ወላጆች ተሰብስበው የአውቶቡሱን ቁልፍ ተቀበሉት። ነርሷን ከሕሙማን ክፍል አንሥተው አንሶላ መጋዘን ውስጥ አስቀመጧት። እኔም ድርሻዬ ደረሰኝ። የላውንደሪው ባለቤት ደንበኛ ፊት «ጨጓራው ጠጪ ኖሯል እንዴ?» አለኝ፤ ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁና ቤቴ ስገባ ሳምንቱን ሙሉ ወንድሜን አላናገርኩትም። ሳህኑን በሩ ላይ አስቀምጬለት እሄድ ነበር።

በሚቀጥለው ረቡዕ መምህሩ ታፔላውን ራሱ እንዲያወርደው አዘዙት። ሰው እያየው አራቱን ብሎኖች ፈታ። ውስጥ ሲገባ ከጎኑ የተቀመጠ የለም።

«አራት ዓመት ያልጠጣሁትን በአንድ ቀን አጠጣኸኝ» አለው ሹፌሩ።

«እንደኔ በሩ ጠፍቶበት ሌላ አዳራሽ ገብቶ የሚሳቅበት ሰው እንዳይኖር ብዬ ነው» አለ ወንድሜ።

«አውቃለሁ» አሉ መምህሩ። «የኔ ማወቅ ለሹፌሩ አውቶቡስ አይሆነውም።»

በማግስቱ መምህሩ ኮት ይዘው ላውንደሪ መጡ። ኮቱ ንጹሕ ነበር። ሰው እስኪወጣ ጠበቁና ሌላ ቦታ ማግኘታቸውን ነገሩኝ፤ ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ። «ለወንድምሽ አንድ ወር አትንገሪው» አሉኝ። «እሱ ካለ አንመጣም ብለዋል። ፍርሃታቸው ይብረድላቸው። ወሩ ሲሞላ እኔው መጥቼ እወስደዋለሁ።»

«አንድ ወር ያለ እናንተ ይቆያል ብለው ነው?»

«አንቺ አለሽለት» አሉኝ።

ቃሌን ሰጠሁ። ስለ እነሱ ብዬ ብቻ አይደለም። በልቤ «ትንሽ ይቅመሳት» ብያለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

በዚያው ሰሞን ነርሷ ግራጫውን ካፖርት አመጣች። አልተቆጣችም። «ይኼ ጠብታ የወንድምሽ ነው፤ አውጪልኝ» አለች። ከኋላዬ ካለው ማንጠልጠያ ላይ ሰቀልኩት። በቤንዚን ሁለት ጊዜ ሞከርኩት፤ አለቀቀም።

ረቡዕ ሲደርስ ወንድሜ ተላጭቶ ሄደ። መጋዘኑ ተቆልፏል። የትምህርት ቤቱን ዘበኛ «አባባ፣ ሰዎቹ የት ሄዱ?» አላቸው።

«ተነቅለው ሄዱ። ላንተ የተውት አድራሻ የለም» አሉት። «ታፔላህ ግን ጥሩ ጣውላ ነው፤ ለዶሮዎቼ በር ሆነኝ።» እውነት ነው። ፊደሉ ወደ ውስጥ፣ ወደ ዶሮዎቹ ዞሯል።

እንደ መጀመሪያው ፍለጋ ጀመረ። ሐኪም ቤት ሄደ፤ ሐኪሟ ከሱ ከሰማችው ከትምህርት ቤቱ ሌላ የምታውቀው የለም። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱን ጠየቀ። በሁለተኛው ረቡዕ ምናልባት ብሎ የዚያን አዳራሽ በር ከፈተ። ነዋሪዎቹ እንደገና ተሰብስበዋል፤ አወቁት። «የኛ ቱቦ ተጠግኗል፤ ያንተስ?» አሉት። ይህን ሁሉ ማታ ማታ እየነገረኝ በመጨረሻ «አንቺስ የሰማሽው ነገር የለም?» ይለኛል። «የለም» እለዋለሁ። ግን አይጠጣም ነበር። ይኼን መመስከር እችላለሁ፤ ልብሱን የማጥበው እኔ ነኝ፤ አይሸትም።

በሦስተኛው ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላውንደሪ መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ አገጩ ላይ ምላጭ ቆርጦታል። አንዲት ደንበኛ መጋረጃ እያስቆጠረችኝ ነበር።

«ሚጡ፣ ዛሬ ከብዶኛል» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካገኘኋቸው ያልፍልኛል። ያቺ ነርስ ልብሷን እዚህ አይደለም የምታሳጥበው? ብጠይቃት ትነግረኛለች።»

«ትታለች» አልኩት። «ሌላ ቦታ ነው አሁን የምትሰጠው።»

ዓይኑ በትከሻዬ ላይ አልፎ ከኋላዬ ወዳለው ማንጠልጠያ ሄደ። መዞር አላስፈለገኝም። የሱን ሰማያዊ ከሌላው ሰማያዊ የሚለየው እሱ ነው፤ ራሱ ነበር የሚበጠብጠው። ካፖርቱንም እኔንም ተራ በተራ አየ።

«ዘይት ቀለም በቤንዚን አይለቅም» አለኝ። «የቀለም ማቅጠኛ ነው የሚያስለቅቀው። እሱም ትኩስ ሳለ ነው።»

«ጋሼ» አልኩት።

«ሥራሽን ሥሪ፤ ሰው አታስቁሚ» አለኝና ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ።

ልከተለው እችል ነበር። የቀረው አንድ ሳምንት ነው፣ ቃል ሰጥቻለሁ ብዬ መጋረጃውን ከመጀመሪያው ጀምሬ ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት ነበር።

የሆነውን ኋላ የመጠጥ ቤቷ ባለቤት ነገረችኝ። የሷ ታፔላ የወንድሜ ሥራ ነው፤ ቀይ ፊደሉ ከገበያው ወዲያ ማዶ ይነበባል፤ ያንን ፈልጎ ያጣ ሰው የለም። አሥር ሰዓት ላይ ገባ።

«እትዬ፣ ሻይ አለ?» አላት።

«ሻይ ያማረህ እንደሆነ ከእናትህ ቤት» አለችው። ቤቱ ሳቀ። ለኔ ስትነግረኝም ፈገግ እያለች ነው፤ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ቀልዷ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።

ምንም ሳያዝ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየ አንድ ሰዓት ተቀመጠ። አሥራ አንድ ሲሞላ አንድ ብርጭቆ አዘዘ።

ሐሙስም ዓርብም እዚያው ዋለ። ዓርብ በሰው ተደግፎ ገባ። አልጋው ላይ አስተኝቼ ጫማውን እያወለቅኩ ነገርኩት። «ከዳቦ ቤቱ በላይ ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ።»

ጣሪያውን አየ። «ታፔላ አለው?» አለኝ።

«የለውም።»

«ጥሩ» አለ።

እሑድ ደም አስመለሰው። ሐኪም ቤት ያቺው ወጣት ሐኪም ተረኛ ነበረች። ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፤ አልተቆጣችም፣ አልመከረችም። ረቡዕ ሊነጋጋ ሲል ሞተ። ከአልጋው አጠገብ ካለው ግድግዳ ላይ ያቺ መስመር አለች። ግድግዳውን እስካሁን አላስቀባሁም።

መምህሩ ወሩ ሲሞላ እንደቃላቸው ሊወስዱት መጡ። መሞቱን የሰሙት ደጃፌ ላይ ሲደርሱ ነው። ቀብሩ ያን ዕለት ከሰዓት ነበርና ሌሎቹንም ይዘው መጡ። ከኋላ፣ ከሰው ራቅ ብለው፣ እርስ በርሳቸውም እንደማይተዋወቅ ሰው ተራርቀው ቆሙ። ሹፌሩ ብቻ አልነበረም። የላውንደሪው ባለቤት መምህሩን «ሟቹን በምን ያውቁታል?» ሲላቸው አጠገባቸው ነበርኩ።

«ታፔላ ጽፎልን ነበር» አሉ።

በሳምንቱ ነርሷ ካፖርቷን ልትወስድ መጣች። ነፍስ ይማር አለችኝ። ካፖርቱን አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት።

«አለቀቀም» አልኳት። «ማቅጠኛም ሞከርኩ። ቆይቷል።»

እጅጌውን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው። ከዚያ ጫፉን አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ አጠፈችና «እንዲህ አድርገሽ ስፊልኝ» አለችኝ።

ግራጫ ክር ፈልጌ አጥፌ ሰፋሁላት። አይታይም።